የአልጀብራ አስተማሪዋ

«እትዬ ሩሐማ እኔን ራሴን አልጀብራ አስተምረውኛል» አሉ ጋሼ ንዋይ፣ የሻይ ኩባያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው። «ደግሞ ይማቱ ነበር።»

ለቀስተኞቹ ሳቁ፤ ልቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አቀረቀሩ። የነዳጅ ዘይቱ ሥራ የካናዳዋን ካልጋሪን በሰው ስለሞላት የሚከራይ አዳራሽ ጠፍቶ፣ ልቅሶው ብርቅነሽ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ከሆነ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ብርቅነሽ አልሳቀችም። እናቷ ሩሐማ በሕይወቷ ማንንም አልጀብራ አስተምራ አታውቅም።

ሩሐማ ሕንዳዊት ነበረች። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ደግሞ ኢትዮጵያ የኖረ ሕንዳዊ ሁሉ አስተማሪ ይመስለዋል። ስለዚህ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

«ብርቄ፣ የሕይወት ታሪካቸው አላለቀም?» አለ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ማትያስ በሹክሹክታ። «ቶሎ ላንብበው። ግማሹ ሰው ኤርፖርት ሺፍት አለው።»

«ደርሷል» አለች።

ኪሷ ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። በአንደኛው እናቷ መምህርት ናት። በሌላኛው፣ አሥራ አንድ ፊልም የሠራች፣ ሕንድ አገር፣ ማድራስ ውስጥ ምስሏ ፎቅ አክሎ ይሰቀል የነበረ ዳንሰኛ።

ከዳንስ ቡድን ጋር አዲስ አበባ መጥታ ያረፈችበትን ሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ አገባች። እሱም ለወላጆቹ «አስተማሪ ናት» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ቤተኛ ሆነ። ፊልሟ ፒያሳ ሲኒማ ቤት በሚታይበት ሰሞን ሚስቱንና ልጁን በሌላ መንገድ ይዟቸው ይሄዳል፤ ሩሐማ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትሸፈናለች። ብርቅነሽ በሰባት ዓመቷ «እናቴ ቲቸር ናት» ማለት ተማረች።

ጠዋት ጠዋት ግን ሩሐማ ወጥ ቤት ውስጥ ጎንበስ ትልና መሬቱን በጣቶቿ ጫፍ ነክታ ጣቶቿን ወደ ዓይኖቿ ትወስዳለች።

«ምድርን ልረግጣት ስለሆነ ይቅርታ እየጠየቅኋት ነው» ትላለች። ከዚያ በባዶ እግሯ፣ ድምፅ ሳታሰማ ትደንሳለች።

ሆስፒታል ሳለች የብርቅነሽን እጅ ይዛ፣ «የሕይወት ታሪኬን ቆመው ሲያነቡልኝ ውሸት እንዳይሆን» አለቻት። «እኔ ስፈራ ኖርኩ። አንቺ አትፍሪ።»

ብርቅነሽ ግን ፈርታለች። ስለ ጭፈራ ምን እንደሚሰበክ ታውቃለች። እናቷን ያስታመሙት ሴቶች አንድ በአንድ ሊሄዱ ተነሥተው በር ላይ ጫማቸውን ሲፈልጉ ይታያታል።

ውኃ ልትጠጣ ወደ ላይ ወጣች። ጋሼ ንዋይ ደረጃውን እያለከለኩ ተከተሏት።

«ምን ብለሽ እንደምትጽፊ ጨነቀሽ አይደል?»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ምኑን?»

«ፊልማቸውን ሰባት ጊዜ ነው ያየሁት። ወንዝ ዳር የሚደንሱበትን። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ቀን በአረማመዳቸው አወቅኋቸው።»

«አልጀብራውስ?»

«ሰው ጥያቄ እንዳያበዛባቸው ብዬ ነው የፈጠርኩት። እሳቸውም ‹ደካማ ተማሪ ነበር› እያሉ ያግዙኝ ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከፈራሽ አስተማሪ በዪ፣ ልጄ። አሥራ ስድስት ዓመት መስክሬያለሁ፤ ዛሬም እመሰክራለሁ።»

ብርቅነሽ አንደኛውን ወረቀት አውጥታ ሰጠቻቸው። ቀና አድርገው አዩት፤ «መምህርት» ይላል። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ስትወርድ ማትያስ እጁን ዘረጋ።

«እኔ አነበዋለሁ» አለችው።

ሌላኛውን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። አርባ ሰው ያያታል። ጎንበስ አለችና የቤዝመንቱን ምንጣፍ በጣቶቿ ጫፍ ነካች፤ ጣቶቿንም ወደ ዓይኖቿ ወሰደች።