የስንተኛው ፎቅ ቁልፍ

ግንበኛዋን ሰፈርተኛው ሁሉ «ቱንቢ» ነው የሚላት፤ የተንጋደደ ነገር ዓይኗ አይወድም። የምትኖረው ግድግዳውን በገዛ እጇ ባቆመችው ሕንጻ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ከከተማው ዳር ቪላ የሠራው ታናሽ ወንድሟ ግን በመጣ ቁጥር ነገር ይፈልጋታል። «እታለም፣ እንደ ክብሪት ሳጥን ተደራርባችሁ! መኪና እንኳ ሳትገዢ!»

ቅዳሜ ጠዋት ደወለላት። «ከሕንጻው ሥር ደርሻለሁ፤ መኪናዬን ላቁምና መጣሁ።»

በመስኮት ቁልቁል ብታይ ነጯ መኪና ቦታ ፍለጋ ሕንጻውን ትዞራለች። ቱንቢ ወርዳ ዳቦ ገዛች፤ ከጎን ካለው ፋርማሲ የደም ግፊት መድኃኒቷን ወሰደች፤ ጫማዋን አሰፋች፤ ከሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቷ ጋር ወሬ ሰልቃ ተመለሰች። መኪናዋ አሁንም ትዞራለች። ከዚያ ጭራሽ ጠፋች።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ላብ በላብ ሆኖ፣ የመኪናውን ቁልፍ እንደጨበጠ ቆሟል።

«የት አቆምካት?»

«ቤቴ።»

«እንዴ! ታዲያ በምን መጣህ?»

«በአውቶቡስ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደጃፍሽ ድረስ አደረሰኝ።»

ቱንቢ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ክንዱን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ማዶ፣ ገና መሠረቱ የወጣ ሕንጻ ይታያል።

«አየኸው? አሥራ ሁለት ፎቅ ነው፤ ግንቡን የማቆመው እኔ ነኝ» አለችና ቁልፉን ከእጁ ተቀበለችው። «በል ንገረኝ፣ የስንተኛውን ፎቅ ቁልፍ ልስጥህ?»