አልታይ ያለው ኮምፒውተር

ላቀው በፍኖተ ሰላም ሠርግ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ካሜራ ከያዘ የሚስተካከለው የለም፤ ከኮምፒውተር ጋር ግን እምብዛም አይዋደዱም። ኮምፒውተሩ የሚስቱ የያምሮት ግዛት ነው። ኮሌጅ ገብታ የተማረችው ሙያ ስለሆነ እሱ ያነሳውን እሷ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዘፈን ታስገባበታለች። ፎቶ ቤታቸው ከዋናው መንገድ ዳር፣ አንድ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከሽንዲ ስልክ ተደወለ። የደወለው ባምላኩ ነው፤ በጥር እህቱን ትርሲትን ሲድሩ ላቀው ነበር ያነሳላቸው።

«ላቀው፣ አባታችንን ለቀዶ ጥገና ወደ ባሕር ዳር ልንወስዳቸው ነው። በናንተ በር ነው የምናልፈው። የትርሲትን ሠርግ ሳላይ ንቅንቅ አልልም ብለውናል» አለው።

ላቀው ነገሩ ገባው። አባትየው አቶ አስናቀው ልጃቸው ስትዳር ታመው ቡሬ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሙሽሮቹ ጉልበት የሳሙት የአጎቷን የገደፋውን ነው። አሁን ደግሞ የሽማግሌው ሆድ ሊከፈት ነው፤ ሐኪሞቹም ነገ ዛሬ አይባልም ብለዋል። ከዚያ አልጋ ይነሣሉ ወይ ብሎ አፍ አውጥቶ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የሚያስበው ግን ይህንኑ ነው።

«ኑ፣ ይደርሳል» አለ ላቀው፤ ስልኩን እንደዘጋም ወደ ያምሮት ዞረ።

የጥር ሠርግ በላይ በላዩ ስለተደራረበ የትርሲት ፊልም ገና አልተነካም። ያለውም ስቱዲዮ አንድ ብለው በሚጠሩት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ የካሜራው ካርድ ለሌላ ሠርግ ተጠርጓል። መብራት ድንገት መጥቶ የፍላሽ መሰኪያዎቹን ካቃጠለበት ወዲህ ደግሞ ከስቱዲዮ አንድ ፋይል የሚወጣው በኔትወርክ ገመድ ወደ ያምሮት ላፕቶፕ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ጎትቶ መውሰድ ነበር። የዚያን ቀን ያምሮት ላፕቶፗን ከፍታ ብትፈልግ፣ ስቱዲዮ አንድ የሚባል የለም። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ገመዱም እንደተሰካ፣ እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች አንዱ ሌላውን አላየሁም አለ።

«ከስክሪኑ ላይ በስልክ ልቅረጸው እንዴ?» አለ ላቀው። ሌላ ፎቶ ቤት እንዲህ ሲያደርግ ቢያይ ዓመት ሙሉ የሚስቅበት እሱ ራሱ ነው።

«ምርቃቱ በስልክ ምኑ ይሰማል? አባት ናቸው እኮ። ቆይ፣ አትጣደፍ» አለችው።

ከቀላሉ ጀመረች። ገመዱን ነቅላ መልሳ ሰካችው፤ መሰኪያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። ቀጥላ ከስቱዲዮ አንድ ላይ ሆና ላፕቶፑን ጠራችው፤ መልስ መጣ። «መንገዱ ክፍት ነው። ይኸ ራሱ ነው የተደበቀው» አለች። ቅንብሩ ውስጥ ገብታ ብታይ እውነትም ነው፤ ስቱዲዮ አንድ የገዛ ቤቱን ኔትወርክ የማያውቀው ሰው ቤት አድርጎ ቆጥሮት፣ ራሱን ከዓይን ሰውሯል። የቤት መሆኑን አስመዘገበችለት፤ መታየቱንም ፋይል ማጋራቱንም ፈቀደችለት። ትንሽ ቆይቶ የስቱዲዮ አንድ ስም ላፕቶፑ ላይ ብቅ አለ።

ላቀው ተመስገን ሊል አፉን ሲከፍት ኮምፒውተሩ ይለፍ ቃል ጠየቀ። ያምሮት ጻፈች። አልቀበልም አለ። ፊደል በፊደል እያየች ደግማ ጻፈች። አሁንም አልቀበልም አለ።

ስልክ ጮኸ። «ቡሬን ለቀቅን» አለ ባምላኩ።

ላቀው ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ መንጎራደድ ያዘ። ያምሮት ግን እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ዝም ብላ ተቀመጠች። ሲቸግራት እንዲህ ናት። ሌላ ሰው ሲቸግረው ያገኘውን ሁሉ ይጫናል፤ ላቀውም እንደዚያው ነው። እሷ እጇን ትሰበስብና ታያለች። ሲጋቡ መልኳን ነበር የወደደላት፤ ከዓመት ዓመት ፍቅሩ የባሰበት ግን በዚህ እርጋታዋ ነው።

ዓይኗ ከአንዱ ስክሪን ጥግ ወደ ሌላው ስክሪን ጥግ ሄደ።

«ላቀው፣ የስቱዲዮ አንድን ሰዓት ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑም ሰዓቱም ጠፍቶበት አገኘሁት። አስተካከልኩለት።» ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት። ማንም ሳያዘው የሠራው የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሥራ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓትና ካላንደር እያየ ሰዓቱንም፣ ቀኑንም፣ ዓመተ ምሕረቱንም ሞልቶታል። አሁንም አንገቱን አስግጎ ከግድግዳው ጋር አስተያየው። «ትክክል ነው እኮ!»

«በኛ ትክክል ነው» አለች። ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። «ላፕቶፑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እነዚህ ይለፍ ቃል ሲቀባበሉ ሰዓታቸውንም ይተያያሉ። አንዱ ከሌላው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ፣ የመጣውን ቃል አያምነውም።»

ላቀው መግቢያ አጣ። ሁለተኛ እንዳትነካው እስክትለው ጠበቀ፤ እሱ በሷ ቦታ ቢሆን ይላት ነበር። ያምሮት ከወንበሩ ተነሣችለት። «ና፣ አንተው መልሰው» አለችው። እሷ እየነገረችው እሱ ሰዓቱን፣ ወሩን፣ ዓመቱን በፈረንጅ አደረገው። ይለፍ ቃሉንም እሱ ጻፈ። የትርሲት ሠርግ ያለበት ፎልደር ተከፈተ።

«ሁሉም አይደርስልንም። ጉልበት የሳሙበትን እናስቀድም» አለች ያምሮት፤ ፋይሉን ወደ ላፕቶፑ ጎተተችው። ገልብጦ ሳያበቃ ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ እንዳበቃ ላፕቶፑን ይዘው ወጡ።

ባምላኩ ደረጃው ላይ አገኛቸው። «ምን ሆኖ ነው የዘገየው?» አለ።

«መብራቱ ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓት አጠፋበት» አለች ያምሮት። ሐሰትም አይደል። ላቀው ከኋላዋ እየወረደ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው እግዜር የሰጠኝ አለ በልቡ።

አቶ አስናቀው ጋቢ ተከናንበው የኋላ ወንበር ላይ ናቸው፤ ትርሲት አጠገባቸው ተቀምጣለች። ያምሮት ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ አባባ» አለችና ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ዳሱን አዩ፤ ጎረቤቱን አዩ፤ ልጃቸው በነጭ ቀሚስ ስትወጣ አዩ። ትርሲት ከገደፋው ጉልበት ላይ ስትደፋ «እዚህ ላይ አቁሙልኝ» አሉ።

ያምሮት አቆመችው። እሳቸው እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ። «ያኔ አልደረስኩም» አሉ። ከስክሪኑ ወደ ትርሲት ዞሩ።

ትርሲት ገብቷታል። ከወንበሩ ወርዳ መኪናው ወለል ላይ ተንበረከከች። ያምሮት ላፕቶፑን ከሽማግሌው ጉልበት ላይ ቶሎ አነሣችላት። ልጅቱ ጉልበታቸውን ሳመች፤ አባትም እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «ውለዱ፣ ክበዱ፣ አብራችሁ አርጁ» አሉ። ላቀው ካሜራውን ፎቅ ላይ ጥሎት ወርዷል፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቆጨውም።

አቶ አስናቀው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«በሉ» አሉ፣ «አሁን ንዱት።»