ክር የምታህለው መሣሪያ

ዶክተር መቅደስ ያን ዕለት ቁርሱ አልወረደላትም። የዓይን ውስጥ ቀዶ ሕክምና ትሠለጥናለች፤ ፈረንጁ አለቃዋ ዶክተር ፊንሌይ ለመጀመሪያ ጊዜ «ዛሬ በሃያ ሰባቱ አንቺው ሥሪ፣ እኔ ቆሜ አያለሁ» ብለዋታል። ሃያ ሰባት የመሣሪያው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መሣሪያው ይቀጥናል። አለቃዋ የሚወዱት ሃያ ሦስቱን ነው፦ ወፈር ያለ፣ የማይታጠፍ፣ ሥራውን ቶሎ የሚጨርስ። መቅደስ ደግሞ «የቀጭኑ ቀዳዳ ያለ ስፌት ራሱ ይገጥማል» እያለች ስትከራከራቸው ከርማለች።

ታካሚዋ ወይዘሮ አሰፋሽ ነበሩ፤ ክሬሰንት ታውን የሚባለው የከተማው ሰፈር ነዋሪ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ። ስኳር ሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ ደም አፍስሶባቸው፣ ቀኙን አምና ዶክተር ፊንሌይ በሃያ ሦስቱ አጽድተውላቸዋል። አሁን ተራው የግራው ነው።

«እንግዲህ ሁለቱንም የቀመስኩ እኔ ነኝ» አሉ አልጋው ላይ ተጋድመው። «የትኛው እንደሚሻል እነግራችኋለሁ።»

«እማማ፣ ዓይንዎን አደነዘዝነው እንጂ እንቅልፍ አይወስድዎትም። ፕሊስ፣ እንዳይንቀሳቀሱ። ማውራትም የለም፣ ኦኬ?» አለች መቅደስ።

«እኔ? ትንፍሽ አልልም!»

መቅደስ በቀጫጭኖቹ ቀዳዳዎች መብራቱንና ደሙን እየቆረጠ የሚመጠውን መቁረጫ አስገባች። በማይክሮስኮፑ የሚታየው ቀይ ጉም ብቻ ነው። ጫን ስትል መሣሪያው ልምጥ ይልባታል፤ እጇን ስታለሰልስ ይታዘዛታል። ቀስ በቀስ ጉሙ መሳሳት ጀመረ። ከጎኗ የቆሙት አለቃዋ ሰዓታቸውን አየት አደረጉ።

ይሄኔ ማረጋጊያው መድኃኒት ወይዘሮ አሰፋሽን ሞቅ አድርጓቸው ኖሮ፣ ከጨርቁ ሥር ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ዓይኔ ውስጥ ገባሽ!»

«እማማ፣ ዝም ይበሉ እንጂ—»

«ጥላሽን እያየሁት እኮ ነው። ያምናው ዶክተር ጣውላ ተሸክሞ ነበር የገባው። ያንቺ ክር ነው!»

ታካሚ የመሣሪያውን ጥላ ከውስጥ ማየቱ ለመቅደስ አዲስ ነገር አልነበረም። በአማርኛ ሲተረክላት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ከንፈሯን ነክሳ ቀጠለች።

«ወደ ግራ ዞርሽ... ጎበዝ። ሂጂ፣ ሂጂ... ቀስ... ቁሚ! ልጆች ይሻገሩ!»

መቅደስ ሳቁ ከሆዷ ሲነሳ ተሰማት። ሰው ዓይን ውስጥ ሆኖ አይሳቅም። መሣሪያዎቹን በጥንቃቄ ስባ አወጣችና፣ እጆቿን ወደ ላይ እንደያዘች ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር።

«ምን አሉ? ምን አሉ?» አሉ ዶክተር ፊንሌይ ደንግጠው።

በእንግሊዝኛ ተረጎመችላቸው። አለቃዋ መጀመሪያ ተኮሳተሩ፤ ከዚያ መነጽራቸው በትንፋሽ እስኪሸፈን ሳቁ። ነርሷ ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳ ተደገፈች። ወይዘሮ አሰፋሽ ራሳቸው ከጨርቁ ሥር አልጋውን እያንቀጠቀጡ ነው። በቃ ጸጥ አልን ሲሉ፣ ካንዱ አፍንጫ የታፈነ ሳቅ ያመልጥና ሁሉም እንደገና ይንከተከታል።

ሳቁ ወጥቶላቸው ሥራው ሲቀጥል የመቅደስ እጅ የጠዋቱ እጅ አልነበረም፤ ፍርሃቱ ከሳቁ ጋር አብሮ ወጥቷል። የቀረውን ደም ጠርጋ ጨረሰች። ቀዳዳዎቹን ፈተሸች፤ ገጥመዋል። መርፌና ክር የጠየቀ የለም።

በማግስቱ የዓይን መሸፈኛው ሲነሳ ዶክተር ፊንሌይም መጡ። ወይዘሮ አሰፋሽ ግድግዳው ላይ ካሉት ፊደላት ትልልቆቹን ጮክ ብለው አነበቡና መስታወት አስመጡ። ቀኙ አምና በተሠራ ማግስት ቲማቲም መስሎ ነበር። ግራው ጥቂት ቀላ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም።

«የትኛው እንደሚሻል ጠይቂልኝ» አሉ አለቃዋ።

ወይዘሮ አሰፋሽ አሰብ አደረጉ። «እውነቱን ንገሪው። የሱ ቶሎ አልቋል፤ ያንቺ ቆይቷል። ግን የሱ እንደ ባለቤት በሩን በርግዶ ነው የገባው። ያንቺ እንደ እንግዳ አንኳኩቶ ገባ፣ ሲወጣም በሩን መለሰው።»

መቅደስ አንድ ቃል ሳታስቀር ተረጎመች። ዶክተር ፊንሌይ ጢማቸውን አሻሹ። «እሺ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እኔም በሃያ ሰባቱ ልሞክር። አጠገቤ ትቆሚያለሽ።»

ወይዘሮ አሰፋሽ ይህን ሲሰሙ እስክስታ ሊወርዱ ተነሡ። «ኖ ኖ፣ እማማ! ዓይንዎ ገና ነው!» ብላ መቅደስ ትከሻቸውን ያዘች። እሳቸውም በጣቶቻቸው ብቻ ወረዱት።

ማታ በትራሙ ወደ ሰፈሯ ፓርክዴል ስትመለስ መቅደስ ብቻዋን ፍርፍር እያለች ትስቅ ነበር። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሰውዬ ምን እንዳሳቃት ሳያውቁ መሳቅ ጀመሩ። ሁለቱም ተያይተው በሳቅ ሲፈነዱ መውረጃዋ አለፋት፤ በሚቀጥለው ፌርማታ ወርዳ በበረዶው እየዘለለች ተመለሰች።