የሰማይ ድንጋይ በጫንቃ

ዶክተሩ ስለ ድንጋዩ ሲናገር ሀሊሜ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ቀሚሷን ዙሪያውን ዘርግታ ሸፍናዋለች። ከደጃፏ ፊት ለፊት ባለው በደረቀው ማሳዋ ላይ፣ ከሮቢትና ከአካባቢው በእግሩ መቆም የቻለ ሁሉ ተሰብስቧል። ላንድሮቨሩ ከአውራ ጎዳናው ወደ ቆላው ሲታጠፍ አይተው፣ የእህል መኪና ነው ብለው ነበር የተከተሉት። የወረደው ግን እህል አልነበረም። አንድ ረጅም ፈረንጅ፣ የፀሐይና የፕላኔቶች ሥዕል ያለበት ሰፊ ሸራ፣ ከዚያም ዶክተር ይርጋ ወረዱ። ሕዝቡ አልተበተነም። የሚሄድበት ስላልነበረው ቁጭ አለ።

«በታኅሣሥ መግቢያ ሰማዩ ሲያገሣ ሰምታችኋል» አለ ዶክተሩ። «ነጎድጓድ አልነበረም። በማርስና በጁፒተር መካከል ሲዞር የኖረ ድንጋይ ነው እዚህ የወደቀው። የዞብል ተራራ ሳይፈጠር እሱ ነበረ። ምድር እንዴት እንደተሠራች ሊነግረን የሚችል ምስክር ነው።»

ሲናገር ያምርበታል፤ ይህን ሀሊሜም አልካደችም። ከኪሱ ብርቱካን አውጥቶ «ይህ ምድራችን ይሁን» አለና ከፍ አደረገው። ብርቱካኑን ለግራም ለቀኝም እያሳየ፣ በሌላ እጁ የያዘውን ጠጠር በዙሪያው ያዞር ጀመር። ጠጠሩን ያየ አልነበረም። የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ብርቱካኑን ተከትሎ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ወደ ግራ መጣ። ከፊት የተቀመጠች አሮጊት አፏን ከፈተች። ያኔ ነው ለዶክተሩ የገባው። ንግግሩን አቋርጦ ብርቱካኑን ሰጣት፤ እሷም ከነልጣጩ በላችው። ምድር እዚያው ተበልታ አለቀች።

ሀሊሜ በሆዷ ሳቀች። ደግ ሆኗል ለካ! አምና እንዲህ አልነበረም።

አምና በጥር፣ ይርጋ የውጭ አገር ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ለዕረፍት መጥቶ፣ ከአባቱ ከግራዝማች ጋር በየጭሰኛው ቤት ይዞር ነበር። ዝናቡ ከድቶ ማሳው ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳለ ግራዝማች የመሬቴን ሲሶ አምጪ ይላሉ፤ ሀሊሜ የለኝም ትላለች። የቀራት ባሏ ከመሞቱ በፊት የሞላው የማሽላ ጉድጓድ ብቻ ነበር። አፉን በጭድና በጭቃ ደፍና፣ አፈር አልብሳ፣ ፍየሏን በላዩ አስራበታለች። አሽከሮቹ ግቢውን በብረት ወግተው ወግተው አጡ። ሊሄዱ ሲሉ ወጣቱ ፍየሏ አጠገብ ቆመና ከአፈሩ ቆንጥሮ በጣቱ አሸ።

«አባባ፣ ይሄ አፈር የላይ አፈር አይደለም። ከታች የወጣ ነው» አለ።

ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር። እውቀቱን ለአባቱ ማሳየቱ ነው እንጂ ሌላ ምንም አልነበረበትም። ሀሊሜን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ጠልቷት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

ጉድጓዱ እስከ ወለሉ ተጠረገ። ልጇ ሰይዳ በግንቦት ሞተች። ያኔ ሞት ብርቅ አልነበረም፤ ለቀስተኛም አልተገኘም። ሀሊሜ የልጇን አፈር በእጇ እየመለሰች ለራሷ አንድ ነገር ብቻ ነገረች፤ ይህን የግራዝማች ልጅ ሳላዋርደው አልሞትም አለች። የረሃብተኞች መጠለያ ከሚሰፍርላት ቅንጬ ይልቅ እሷን እስካሁን ያቆማት ቂሟ ነው።

ድንጋዩ ማሳዋ ላይ ሲወድቅ ጎረቤት ሁሉ ሸሸ። እሷ ሄዳ አየችው። እንደ ከሰል ጥቁር፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከቆቦ የመጣ አስተማሪ፣ የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ሊፈልጉት እንደሚመጡና መሪያቸውም የግራዝማች ልጅ እንደሆነ አወራ። ሀሊሜ በዚያው ቀን ድንጋዩን እያንከባለለች ደጃፏ አደረሰችው። ጎረቤቶቿ አይተዋታል። ማንም ትንፍሽ አላለም።

«ድንጋዩን ያገኘ ሰው ካለ፣ መኪናው ላይ አንድ ጆንያ ስንዴ አለን፤ እንሰጠዋለን» አለ ዶክተሩ።

ዓይን ሁሉ ወደ ሀሊሜ ዞረ። ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ስንዴውን ለሰዉ አውርድ» አለችው። «ድንጋዩ እኔ ዘንድ ነው።»

አንተ አለችው። የግራዝማችን ልጅ አንተ ያለ ጭሰኛ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም፤ ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ዶክተሩ ግን ልብ አላለም። ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ነበር። ሮጦ መጥቶ ጎንበስ አለና በሁለት እጁ ዳሰሰው። ፈረንጁም ተከትሎ መጥቶ በቋንቋው አንሾካሾከ። የዶክተሩ ዓይን እንባ አቅርሮ አየችው። ለድንጋይ! 

«እትዬ፣ እድሜ ይስጥሽ። ምን ላድርግልሽ?»

«አላወቅኸኝም?»

ቀና ብሎ አያት። «ይቅርታ፣ አላወቅሁም።»

«አፈር ቆንጥረህ ነበር። እዚያ፣ ፍየሏ ከታሰረችበት።»

ዶክተሩ ወደ ግቢው ጥግ ዞረ። የጉድጓዱ አፍ እንደተከፈተ ነበር። ፊቱ ሲለዋወጥ ሁሉም አየ። 

ያገሩ አበጋር፣ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁት ሸህ ነጅሙዲን፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ ሀሊሜ፣ ምን ትሻለሽ?»

«አበጋር፣ በደለኛ ይቅርታ ሲለምን ምን ይዞ ይመጣል?»

«ድንጋይ። በጫንቃው።»

«ድንጋዩ ይኸው። ይሸከመው።»

በደለኛ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ ይቀርባል። ተበዳይ «ይማርህ» ብሎ እስኪያወርድለት ቀና አይልም። ዶክተሩ ይህን ያውቃል፤ ባሕር ማዶ መማሩ አላስረሳውም። መንገድ ሊመራ አብሮ የመጣው የግራዝማች አሽከር ግን ተቆጣ።

«ጌታዬ፣ ዝም ብለን እንጫነው! ማን ይከለክለናል?»

እውነቱን ነው፤ የሚከለክል አልነበረም። ሀሊሜ ይህንንም አስባበታለች። ቀምቶ ቢሄድ ሌብነቱን አገር ያየዋል፤ ቢሸከም ውርደቱን። ከሁለቱ የትኛውም ያጠግባታል።

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ለፈረንጁ ሰጠው። ከዚያ ድንጋዩን አቅፎ አነሣና በጭንቅ ማጅራቱ ላይ አወጣው። ፊቷ ተንበረከከ።

«ይቅር በይኝ» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

 ሸህ ነጅሙዲን እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ሀሊሜ ደስ አላት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ደስ አላት። የቀረው «ይማርህ» ማለት ብቻ ነበር፤ ሁሉም የሚጠብቀው እሱን ነው። ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣም።

«ማንን ነው የበደልከው?» አለችው።

«አንቺን።»

«እኔማ ይኸው አለሁ። የሞተችው ልጄ ናት። ስሟን ጠርተህ፣ እሷን ይቅር በይኝ በላት።»

ዶክተሩ አንገቱን ሊያቀና ሞከረ፤ ድንጋዩ አላስቻለውም። ስሟን አያውቅም። ሸህ ነጅሙዲን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሀሊሜ እጇን አነሣች፤ ዝም አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው የልጅቱን ስም የማያውቅ ጥቂት ነው። ማንም አልተናገረም።

«ራህመት?» አለ በመጨረሻ።

«አይደለችም።»

ሀሊሜ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ላቡ ከግንባሩ አፈሩ ላይ ጠብ ይላል። ፈረንጁ ድንጋዩን ሊያወርድለት ጎንበስ ሲል፣ ዶክተሩ በክንዱ መለሰው።

«ሀጀራ?»

«አይደለችም።»

 ድንጋዩን ጥሎ መነሣት ይችል ነበር፤ አልጣለውም። ይህን ሀሊሜ አልጠበቀችም። ዓይኑን ጨፈነ። አምና የቆመበትን ግቢ፣ ፍየሏን፣ አሽከሮቹን፣ በሩ ላይ ቆማ ታየው የነበረችውን ልጅ ሊያስታውስ እየታገለ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። ያን ቀን ሀሊሜ ልጇን ጠርታታለች። በስሟ ጠርታ፣ ወደ ቤት ግቢ ብላታለች። እሱም አጠገባቸው ነበር። ልብ አላለም ይሆናል፤ ሰምቶም ይሆናል።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሀሊሜ ከአምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች፤ ስሟን እንዳያገኘው፣ እሷም «ይማርህ» ብላ እስካሁን ያቆማትን ቂም ከድንጋዩ ጋር እንዳታወርድ ፈራች።