ባዶዋን እንዳትመለስ

ፈንታነሽ ደም እንደታያት የሰማሁት መኪናዬ የኋላ ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ሳለ ነው። ከእብናት የመጣ ነጋዴ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነገረኝ። "ሚስትህ ወሯ ሳይገባ ደም ታይቷታል። የጤና ጣቢያው ሰው ሆስፒታል ትሂድ፣ ግን ተኝታ፣ ሳትናጥ ብሏል። ከተናጠች እሷም ልጁም አይተርፉም ብሏል" አለኝና በቅሎውን ነድቶ ሄደ። "አይዞህ" እንኳ አላለኝም።

እብናት የሄደችው የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው ብላ ነው። እኔ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ቅሪ ብያት ነበር። ማን ሰምቶኝ!

"እህስ፣ የቱን ልግጠምልህ?" አለኝ መካኒኩ ዘውገ። የኋላውን ባሌስትራ ፈታትቶ መሬት ላይ ዘርግቶታል፤ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከሙ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የሚደራረቡ የጎበጡ ብረቶች ናቸው፣ አንደኛው ለሁለት ተሰብሯል። "የተሰበረውን በመሰሉ ከተካሁልህ እንደ ድሮዋ ለስላሳ ትሆናለች፤ ጭነት ግን አትችልም። ከከባድ መኪና ያወጣኋቸውን እነዚህን ሁለት ወፋፍራም ብረቶች ከጨመርኩልህ ደግሞ የሰጠሃትን ሁሉ ትሸከማለች። ባዶዋን ስትሆን ግን..." ብሎ መዳፉን ወደ ላይ አነጠረው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ለእኔ ጨዋታ ነበር። ስለ ባሌስትራና ስለ አሞርዛተር ሳወራ ራቴን የምረሳ ሰው ነኝ። ፈንታነሽ "ምነው እሷኑ ባገባህ" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ያን ቀን ግን ብረቶቹን እያየሁ የማስበው መንገዱን ነበር።

ለስላሳውን ብመርጥ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም። መኪናዋ ኋላዋ ክፍት የሆነ የመንግሥት የጭነት መኪና ናት፤ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ደግሞ ነጋዴው እንደሄደ ሮጬ ሄጄ ተንበርክኬ ስለምነው፣ "ጓድ በላይነህ፣ ዘሩ ይቅደም። ስንዴውን ጭነህ ከሄድክ ስትመለስ ሚስትህን አምጣት፤ ባዶ ለመሄድ ግን ነዳጅ የለም" ብሎኛል። ገበሬው የዘር ያለህ የሚልበት የሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ነው፤ ምን ብዬ ልከራከር? ጠንካራውን ብመርጥ ስንዴውን አደርሳለሁ፤ ስመለስ ግን ሚስቴን በወንፊት እንዳለ እህል እያነጠርኩ ላመጣት ነው።

"ጠንካራውን ግጠም" አልኩት።

ዘውገ ቀና ብሎ አየኝ። "እንግዲያው ባዶዋን እንዳትመለስ። ጠንካራ ባሌስትራ የሚለዝበው ክብደት ሲያርፍበት ነው። ዘጠኝ አሥር ሰው ከኋላ ብታስቀምጥ ትረጋለች።"

"ሰው መቼ ይጠፋል" አልኩት።

ወደ እብናት ስሄድ መኪናዋ ስንዴዋን ተሸክማ በዚያ ሁሉ ኮረኮንች ላይ እንደ አልጋ ሆነች። እኔ ግን እያንዳንዱን ጉድጓድ ለመመለሻዬ እየቆጠርኩ ነበር። ስንዴውን ከነጆንያው መጋዘን አስረከብኩና ወደ ፈንታነሽ እናት መንደር መገንጠያ ተመለስኩ። ሳልፍ በላክሁት ቃል መሠረት የመንደሩ ወንዶች ፈንታነሽን በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ዳር ደርሰዋል። ከፊት አጎቷ አያ አለሙ ነበሩ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። መኪናዋ ላይ ገለባ ጎዘጎዝን፣ አስተኛናት፣ እናቷ ራስጌዋ ተቀመጡ።

"በሉ ሁላችሁም መኪናዋ ላይ ውጡ" አልኩ።

ወንዶቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንደኛውማ መኪናዋ ላይ ያስደገፈውን ዱላ ሳይቀር አነሳ።

"ኧረ ምን ሲባል!" አሉ አያ አለሙ። "በታመመ ሰው ላይ እኛ ተጨምረን? ሸክሙን እናቅልላት እንጂ!"

"አያ አለሙ፣ መኪናዋ እንደ በቅሎ አይደለችም። ሲጫንባት ነው የምትለሰልሰው። ባዶዋን ከሄደች እያነጠረች ትገድልብኛለች።"

እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጮህኩባቸው። ቀጥሎ ለመንኳቸው። አንዱ "ድንጋይ እንጫንልህ?" አለኝ። "ድንጋዩ ሲንከባለልባት ማን ይይዘዋል?" ብዬ አፈጠጥኩበት።

አያ አለሙ እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። "ልጄ፣ ባለፈው ወር ለስብሰባ ብለው ጠርተውን ጎልማሳውን ሁሉ በመንግሥት መኪና ጭነው ለሰፈራ ወሰዱት። የኔ ማሩ እዚያ ውስጥ ነው። ይኑር ይሙት አላውቅም። መንግሥት መኪና ላይ የሚወጣ ወንድ ከእንግዲህ እዚህ አታገኝም" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሚስቴም እየሞተች ነው።

ከመኪናዋ ላይ የፈንታነሽ ድምፅ መጣ። በክርኗ ተደግፋ ቀና ብላለች። "አያ አለሙ፣ በላይነህ እናንተን አሳልፎ ቢሰጥ ይህን የሆዴን ልጅ አልታቀፈው።"

እናቷ "ምነው ልጄ!" ብለው አፏን ያዙ። እኔም ቃሏን መልሳ ብትውጠው በወደድኩ። ግን ወጥቷል። አያ አለሙ ጋቢያቸውን ሰብስበው መኪናዋ ላይ ወጡ። ሌሎቹም ቃሬዛውን ይዘው ተከተሏቸው፤ ዙሪያዋን ተቀምጠው በእጃቸው ደገፏት።

መኪናዋ ረጋች። እኔ ግን አልረጋሁም፤ እስከዚያ ድረስ ፍርሃቴ አንድ ነበር፣ አሁን ሁለት ሆነ።

የደብረ ታቦር ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ቁልቁል ወደ ከተማዋ መግቢያ ኬላ ተመለከትኩ። ስሄድ መንገዱን የሚዘጋው ገመድ መሬት ላይ ተጥሎ ጠባቂውም ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አሁን ገመዱ ተወጥሯል። አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ከጎኑ ወንዶች እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው መሬት ላይ ተደርድረዋል። አፈሳ ነው።

ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆምኩ። ከኬላው እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ ከሁሉ የባሰ ነው። ሰዎቹን ባወርድ ያንን በባዶ ላልፈው ነው፤ ባላወርድ ምን እንደሚሆኑ እያየሁት ነው።

ፈንታነሽ ከኋላ ሆና የጋቢናውን ቆርቆሮ መታች። "በላይ፣ አውርዳቸው።"

"አንቺስ?"

"ምያለሁ። አውርዳቸው።"

ወረዱ። እግሬ አውጪኝ ብለው የሚበተኑ መስሎኝ ነበር። አያ አለሙ ግን ቃሬዛውን ከመኪናዋ ጎን ዘረጉት። "ልጅቱን አቀብለን፤ አንተ ባዶህን እለፍ። እኛ በታች በወንዙ እንዞራለን" አሉኝ።

"ቢያገኟችሁስ?"

"ለሷ ብለን ወጥተን ጥለናት እንሄዳለን? አቀብለን አልኩህ።"

አቀበልኳቸው፤ እናቷም ከቃሬዛው ኋላ ተከተሉ። ኬላው ላይ ወታደሩ ወደ ኋላ ተንጠራርቶ አየ። ገለባውን በጠመንጃው አፈሙዝ በተነው። "ምን ጭነሃል?"

"ባዶ ነኝ" አልኩት።

ገመዱን ካለፍኩ በኋላ መኪናዋ እያነጠረች ራሴን ከጣሪያው ጋር አላተመችኝ። በእያንዳንዱ ንጠት ፈንታነሽ ኋላ ያለች እየመሰለኝ እሰቀቅ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ቁልቁለቱን ሳይ፣ ሳይ፣ ዓይኔ ፈዘዘ። በመጨረሻ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ፤ ትከሻ እየተቀያየሩ፣ ዱብ ዱብ እያሉ፣ ቃሬዛውን ግን ውሃ እንደሞላ ገበቴ አረጋግተው።

ፈንታነሽ ዓይኗን ገለጠች። "ሁሉም አሉ?"

"ሁሉም አሉ።"

ነርሶቹ ተቀብለዋት ገቡ። ዞር ስል ወንዶቹ የሉም። ጉሮሯቸውን እንኳ ሳያርሱ፣ ደኅንነቷንም ሳይሰሙ ሄደዋል።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ቀሪውን ዘር ጭኜ ወደ እብናት ተመለስኩ። መንደሩ ጋ ስደርስ አራሾቹ መኪናዋን አዩና በሬዎቻቸውን ከነቀንበራቸው ጥለው ወደ ገደሉ ሮጡ። አንደኛውን ጋቢ አወቅሁት፤ የአያ አለሙ ነው። መኪናዋን አቁሜ ደረጃዋ ላይ ወጣሁና ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።

"አያ አለሙ! ወንድ ነው! እሷም ደኅና ናት! ታቅፈዋለች!"

ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሙ፤ ዞረው አዩኝ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቆሙ። ወደ መኪናዋ ግን ማንም አልቀረበም። ሞተሩን አጠፋሁና በእርሻው መሐል በእግሬ ወደ እነሱ ሄድኩ።