ያልተቀመሰው የቻይና ጎመን

ሙሉአለም በጾም ወጥ ቀምሳ አታውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ እንኳ በአፏ አይዞርም፤ ጨውን በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ትበትንና በእንፋሎቱ ሽታ ትለካለች። ሃያ ዓመት ስታበስል አንድ ሰው «ጨው አነሰው» ብሏት አያውቅም፤ ይህንንም ለሰማም ላልሰማም ስታወራ ትውላለች። አዲስ አበባ ሃያ ሁለት አካባቢ ወደምታበስልበት የአቶ ገብረዋሕድ ሆቴል ሽሮዋን ብሎ ከገርጂ ድረስ የሚመጣ ነበርና ማን ይከራከራታል?

በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገቡ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሴቶች፣ ሙሉአለምና የወሎዋ ረዳቷ ዘሃራ፣ ሁለቱም ጾመኛ ሆኑ። በዚሁ ሰሞን ለአቶ ገብረዋሕድ ሲሳይ መጣላቸው፤ ለሁለት ወር ሥልጠና የመጡ፣ ሥጋ የሚባል የማይነኩ ዐሥራ አራት የውጭ አገር ሰዎች። ከየአገሩ ናቸውና ምሳቸውም ከየአገሩ እንዲሆን ፈለጉ። የመጀመሪያውን ቀን ምሳ ከወደዱት ሁለቱን ወር እዚያው ይበላሉ፤ ሙሉአለምም ዋና ሼፍ ትባላለች። ከሽንኩርት ልጣጭ ተነስታ እዚህ ለደረሰች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንቅልፍ እስክታጣ ድረስ ተመኘችው።

የአቶ ገብረዋሕድ ልጅ ማኅደር ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየተረጎመች አነበበችላቸው። የሕንዱ ምስር፣ የዓረቡ ሽምብራ በሰሊጥ፣ የጣልያኑ ደበርጃን የሚሉት ወይን ጠጅ አትክልት በቲማቲም፤ ከእነዚህ ጋር ሙሉአለም ቶሎ ተግባባች። የቻይናው ጎመን ግን ከጠርሙስ የሚንቆረቆር ጥቁር የአኩሪ አተር ስጎ ነበረው። ስለ ጨው ደግሞ መጽሐፉ «ቀምሶ መጨመር» ይላል። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ልክ ነው ብላ ናቀችው። ስጎውን ለመልክ የሚገባ ቀለም መስሏት ለቀቀችበት፣ ጨውንም እንደ ልማዷ በተነችበት። ስጎው ራሱ ጨው መሆኑን በምን ትወቀው? አልቀመሰችው!

ዘሃራ በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ እንትፍ አለች። ምግብ ሠሪ ካልዋጠች ጾሟ አይፈርስም ብለው ሼኹ ነግረዋታል።

«እትዬ ሙሉ፣ ይሄ ጎመን አይበላም፤ ጨው ብቻ ነው።»

ምን ይዋጥላት! ትናንት ድንች ስትልጥ የነበረች ልጅ ዛሬ አፍ አወጣች ብላ ተቆጣች፤ ጾምሽን ጠብቂ አለቻትና ሽርጥ ልትቀይር ወጣች። ዘሃራ እጇን አጣጥፋ አልቆመችም። መረቁን ደፋች፣ ጨው ያልነካው ጎመንና ካሮት ከትፋ ጨመረች፣ ሎሚ ጠብ አደረገች፣ ደግማ ነካችና እንትፍ አለች። ሙሉአለም ስትመለስ ድስቱ እስከ አፉ ሞልቷል። ምን እንደተደረገ ገባት፤ ጭልፋ አንስታ ወደ ሳህን ማውጣት ጀመረች።

እንግዶቹ በሉ። የቻይናው ሳህን ተጠርጎ ተመለሰ። አቶ ገብረዋሕድ ጥርሳቸውን ሳይከድኑ ወጥ ቤት ገቡና እንግዶቹ ለሁለት ወር መስማማታቸውን ነገሯቸው። የቻይናውማ ለብቻው ነበር፣ እጅዎ ይባረክ ብለው ሙሉአለምን መረቋት። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ዘሃራ እንደሆነች አንገቷን ደፍታ ድስት ትፈትጋለች። ግን ቀኑ የጾም ቀን ነው፣ ውሸት ደግሞ ከሥጋ ይብሳል። እየመረራት ተናገረች።

«እኔማ ሳልቀምስ አበላሽቼው ነበር። ቀምሳ ያዳነችው ዘሃራ ናት።»

አቶ ገብረዋሕድ ነጋዴ ናቸው፤ ለማሰብ ብዙ አልፈጀባቸውም። ሁዳዴ ገና መጀመሩ ነው፤ በየቀኑ አዲስ አገር፣ አዲስ ቅመም እየመጣ ሳይቀመስ እንዴት ይሆናል? ስለ እውነቷ አመሰገኗት፣ የእንግዶቹን ምድጃ ግን ዘሃራ ትያዘው፣ እርስዎ ያግዟት ብለው ወጡ።

ሙሉአለም ተናደደች፣ አፈረችም። ምላሷን ረገመች፤ ደግሞ በመርገሟ ደንግጣ አማተበች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ከድስቱ ግርጌ የቀረውን የቻይና ጎመን በጭልፋ አውጥታ ጎረሰች። ዘሃራ ለማፍጠር ገና ሦስት ሰዓት ይቀራታል፤ ቆማ አፍ አፏን ታያታለች። ሙሉአለም ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠች። ጨዉ ልክ ነበር። ጭልፋውን አጥባ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ለበሰች። በር ላይ ስትደርስ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለረዳቶቿ የመግቢያ ሰዓት ስትነግር የኖረችው ሴት ዞር አለች።

«ነገ ስንት ሰዓት ልግባ?» ብላ ጠየቀቻት።