መርዶ በስልክ አይነገርም

ሰርካዲስ ክፉ ወሬ ገና መንገድ ሳይጀምር በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ልጇ ሩሐማ ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ከዘገየች አውቶቡሱ ተገልብጧል፤ ባሏ ይርጉ ከታክሲ ሥራው ካልደወለ ተዘርፏል። ባድመ ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ጭንቀቷ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ፤ ወደ ታናሽ ወንድሟ ወደ ጥዑመልሳን። ከዘመተ ሰባት ወሩ ነው።

በደወለች ቁጥር እናቷ «ደህና ነው» ትላታለች። ሰርካዲስ አታምንም። መርዶ በስልክ አይነገርም። አገር ቤት ሰው የሞተ እንደሆነ ዘመድ ዳላስ ላለ ሽማግሌ ደውሎ አደራ ይላል፤ ሽማግሌውም ሰው አስከትሎ ማልዶ ይመጣል። ለጎረቤቷ ለተዋበች የአባቷን ሞት እንዲያ ነበር የነገሯት።

አንድ እሁድ ማለዳ ከዳላስ ጥግ ካሮልተን ባለው አፓርታማዋ መስኮት ቁልቁል ስታይ ሽማግሌው ጋሽ ወልዴ አሮጌ ቶዮታቸውን ፓርክ አደረጉ። ሚስታቸው እትዬ አበዛሽ፣ ኋላም ሞላልኝ የሚባለው ጎልማሳ ደብተር በብብቱ ሸጉጦ ወረዱ። ባልና ሚስቱ ነጠላ ለብሰዋል። ሦስቱም ደረጃው ሥር ተጠጋግተው ቆሙና ሲመካከሩ ቆዩ።

«ማን ይናገር እየተባባሉ ነው» አለች በልቧ።

አላለቀሰችም። ሰባት ወር ሙሉ በሐሳቧ ስትለማመደው እንደኖረችው ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፤ ጥቁር ሻሽ አሰረች።

«ይርጉ፣ ተነሣ። መጡ።»

«እነማን?»

«የጥዑሜን ሊነግሩኝ።»

«ኧረ መጀመሪያ በሩን ያንኳኩ!» አለ ይርጉ ዓይኑን እያሻሸ።

አንኳኩ። ጋሽ ወልዴ ፈገግ ብለው ገቡ፤ ጥቁሩን ሲያዩ ፈገግታቸው ጠፋ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉ።

ሰርካዲስ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

«መቼ ነው?»

ጋሽ ወልዴ ወደ ሚስታቸው ዞሩ፤ ሚስታቸው ወደ ሞላልኝ፤ ሞላልኝ ጫማውን አየ።

«እሱን እንኳ ካንቺ ልንሰማ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«እንዴት ከኔ? ሊነግሩኝ የመጡት እርስዎ አይደሉ?»

«ምኑን?»

«የወንድሜን ነዋ!»

«ወንድም አለሽ እንዴ?»

ይርጉ በፒጃማው ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ማለቴ… ምን ሰምተው ነው የመጡት?»

«ምንም! ዕድር ልናቋቁም ሰው እየመዘገብን ነው። ጥቁር ለብሳ ሳያት ጊዜ ሐዘን የደረሰባችሁ መሰለኝ።»

«አንተ ታክሲህን ይዘህ ከወጣህ አትገኝም፤ ስለዚህ ከቅዳሴ በፊት እንያዘው ብለን ነው» አለ ሞላልኝ።

«ታዲያ ደረጃው ሥር ምን ትማከሩ ነበር?» አለች ሰርካዲስ።

«የቤቱ ቁጥር ጠፍቶብን።»

እትዬ አበዛሽ ባላቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉ። «አንተ ሰውዬ! ምን ሆናችሁ ሳትል ታጽናናለህ? ልጅቷን ልትገድላት ነበር እኮ!»

ይርጉ ሳቀ። ሰርካዲስ አልሳቀችም።

ሞላልኝ ደብተሩን ገለጠ። ሐዘን ሲደርስ ዕድሩ እንዲያውቀው የወላጅ፣ የወንድምና የእኅት ስም ይመዘገባል። ሰርካዲስ የእናቷን ስም ብቻ አስጻፈች።

«ወንድምሽንስ ልጻፈው?»

«ቆይ። የሞተ ሰው ይመዘገባል?»

«በሕይወት ያለ ብቻ።»

ተነሥታ የስልክ ካርዷን አወጣችና ደወለች። አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ነበር።

«እማዬ፣ ጥዑሜ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አላልኩሽም?»

ያው የተለመደው ቃል። «እውነቱን ንገሪኝ። ጥቁር ለብሼ ነው የምጠይቅሽ።»

«ጥቁር? ጥቁሩንስ ለኔ ልበሽልኝ፣ ያ ምናምንቴ ወንድምሽ በንዴት ሲገድለኝ! ትናንት ደብዳቤው መጣ። ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ የለ፣ ወገብሽ እንዴት ሆነ የለ፤ ካልሲ ላኩልኝ! አሁን ይሄ ልጅ ነው?»

ሰርካዲስ ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ሙት አትሰድብም። አባቷ በሕይወት ሳለ በእናቷ አፍ ሰካራም ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ጻድቅ ሆኗል።

ስልኩን በጆሮዋ እንደያዘች ወደ ሞላልኝ ዞረች።

«ጻፈው። ጥዑመልሳን።» አንገቷን አስግጋ ደብተሩን አየች። «በእርሳስ ነው?»

«በእስክሪብቶ ነው።»

«ደህና።»

እንግዶቹ ሲወጡ ጥቁር ቀሚሷን አውልቃ ቁምሣጥኑ ውስጥ መለሰችው፤ ዳላስ ላይ እምብዛም ከማይለበሱት ካፖርቶች ኋላ።